መኪናው ወደ ቀኝ ሲስብ ግራውን ፈትሹ

ጎንደር ውስጥ አሮጌ የስፖርት መኪና የሚነዳ ሰው ከሞተሩ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ፍሬኑ ነው። ከተማችን ተዳፋት ናት። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሲወርዱ፣ ከጎሃ ኮረብታ ሲመለሱ፣ ከቁስቋም ወደ ከተማ ሲያቆለቁሉ እግር ከፍሬን ፔዳል አይርቅም። ባጃጅ ተሳፋሪ ካየ ባለበት ይቆማል፤ ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ኳሱን ተከትሎ አስፋልት ያቋርጣል። ሞተር እምቢ ቢል መኪናው ቆሞ ይቀራል፤ ጉዳቱም የባለቤቱ ነው። ፍሬን እምቢ ሲል ግን ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ምንም የማያውቀው መንገደኛ ነው። ስለዚህ ፍሬን ላይ «ለጊዜው ይሁን» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ይህን የምጽፈው በየጋራዡ የማየውን አንድ ልማድ ለመሟገት ነው። ብልሽቱ የተሰማበትን ቦታ ፈትቶ፣ እዚያ ያለውን ዕቃ ቀይሮ መኪናውን መሸኘት የተለመደ ነው። ፍሬን ግን ከፔዳሉ እስከ ጎማው በአንድ ፈሳሽ የተያያዘ ነገር ስለሆነ ሕመሙ የሚሰማበት ቦታና የሚጀምርበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይለያያሉ። መለዋወጫ በቀላሉ በማይገኝባት መኪና ላይ ደግሞ በግምት መቀየር ገንዘብም ጊዜም ይበላል፤ ከሁሉም የሚከፋው፣ ያልዳነውን ዳነ ብሎ መንገድ ላይ ማውጣት ነው።

መኪናዬ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ናት። አጎቴ አስመራ ይሠራ በነበረበት ዘመን ገዝቷት፣ በአድዋና በአክሱም አድርጎ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ያስገባት እሱ ራሱ ነው። ይህ ሞዴል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1966 በቱሪን የመኪና ትርዒት ላይ ነበር። ቅርጹን የመኪና ንድፍ በሚሠራው በፒኒንፋሪና ቤት ሆኖ የነደፈው ቶም ቻርዳ ሲሆን፣ ሞተሩ ቀደም ሲል ፌራሪ ቤት ይሠራ የነበረው የአውሬሊዮ ላምፕሬዲ ሥራ ነው። መኪናዋን የሚያይ ሁሉ የሚያወራው ስለነዚህ ሁለቱ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን በአራቱም ጎማዎቿ ላይ ዲስክ ፍሬን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ሳህን ከሁለት በኩል እየቆነጠጠ የሚያቆም ፍሬን፣ መኖሩ ነው። ዲስክ ፍሬን ስሙን የተከለው እ.ኤ.አ. በ1953 ጃጓር በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር በእሱ ሲያሸንፍ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ፊያት በተራ ሰው አቅም በሚገዛ መኪና ላይ አራቱንም ዲስክ አድርጎ አወጣ።

«የላዳ ዕቃ ይገባላታል» የሚለኝ ሰው አላጣሁም። ነገሩ ከምንም አልተነሣም። አገራችን በታክሲነት የምታውቃት ላዳ፣ ማለትም ቫዝ 2101፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት፣ በቶልያቲ የተመረተችው ከፊያት 124 ተወስዳ ነው። የጎማ ቡሎኖቿ እንኳን አንድ ናቸው፤ አራት ቡሎን፣ በ98 ሚሊሜትር ክብ ላይ። ፍሬን ላይ ግን መንገዳቸው ተለያየ። ሶቪየቶች ለጭቃማ መንገዳቸው ሲሉ የኋላውን ዲስክ አውጥተው ታምቡር አደረጉበት። ሸራውን በዲስኩ ላይ የሚጨብጠው የፊት ካሊፐርም ቢሆን የላዳው ሁለት ፒስተን ሲኖረው፣ የእኔዋ አንድ ፒስተን ያለው ተንሸራታች ካሊፐር ነው። ስለዚህ ከላዳ ብዙ ነገር መዋስ ይቻላል፤ ፍሬኑን ግን አይቻልም። ይህን የምለው አንድ ወዳጄ በቅን ልብ ያመጣልኝን የላዳ ካሊፐር አመስግኜ ከመለስኩ በኋላ ነው።

ብልሽቱ የመጣው ከክረምት በኋላ ነው። መኪናዋ ዝናቡን በሸራ ተሸፍና ነው ያሳለፈችው። በመስከረም አውጥቼ ወደ አዘዞ ስወርድ ፍሬን ስረግጥ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ዞረ። መሪውን አጥብቄ ይዤ እግሬን ሳነሳ ደግሞ ቀስ ብላ ወደ ግራ መንሸራተት ጀመረች። አዘዞ ስደርስ ወርጄ ቸርኬዎቹን በእጄ ዳሰስኳቸው። የቀኙ ለብ ያለ ነው። የግራው ግን እጅ አያስቀምጥም።

ሦስቱን ምልክቶች አስተውሉ። ሲረገጥ ወደ ቀኝ፣ ሲለቀቅ ወደ ግራ፣ የጋለው ደግሞ ግራው። እርስ በእርሳቸው የሚጋጩ ይመስላሉ፤ መካኒክ የሚያሳስቱትም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ያማከርኩት ባለሙያ የጋለውን ጎማ ዳስሶ «ግራው ከልክ በላይ ይይዛል» አለ። እንግዲያው ስረግጥ ለምን ወደ ቀኝ ትስባለች ስለው «ያ የመሪ አላይመንት ነው» ብሎ ሁለት በሽታ አደረገው። ሌላው ብዙም ሳያይ «ፖምፓውን ቀይሩና እንየው» አለ። ይህችን «እንየው» የምትለዋን ቃል አልወዳትም። የፍሬን ፖምፓን፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ፈሳሹን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ዕቃ፣ ከውጭ ማስመጣት ወራት ይወስዳል። ቀይሮ ማየት የሚቻለው የሚቀየረው ዕቃ በየሱቁ ሲደረደር ነው።

መሠረቱን እናስቀምጥ። ፍሬን ሲረገጥ መኪና የሚዞረው አጥብቆ ወደያዘው ጎማ ነው። ወደ ቀኝ ከሳበ ቀኙ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የዘገየው ወይም የተኛው ግራው ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚፈታው ቀኙ ነው፣ ምክንያቱም መኪናው የሚሄደው ወደዚያ ነው። ጤነኛው ጎማ ይፈታል፣ ይጠረጋል፣ የፍሬን ሸራው ይሞረዳል፤ ከዚያ ሁለቱም እኩል ደካማ ይሆኑና መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ባለቤቱም ተስተካከለ ብሎ ከፍሎ ይወጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከዚህ የባሰ የፍሬን ጥገና አላውቅም።

በመጨረሻ መኪናዋን የወሰድኩት ከወጣትነታቸው ጀምሮ የጣሊያን መኪና ሲፈቱ ወደኖሩ አንድ አዛውንት ነው። ጋራዣቸው ጠባብ ነው፤ ቦታው ግን ንጹሕ ነው። የነገርኳቸውን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈው የፊቱን በክሪክ አስነሡ፤ ሥሩም መደገፊያ አስገቡ። ረዳታቸው ገብቶ ፍሬን ረግጦ ለቀቀ።

«ልጄ፣ ግራውን በእጅህ አዙረው» አሉኝ።

«አይዞርም፣ ጋሼ።»

«ቀኙስ?»

ቀኙ ያለችግር ዞረ።

«እንግዲህ ቡሎን ከመንካታችን በፊት እናስብ» አሉ።

እዚህ ላይ ዘግየት ብዬ ብጽፍ ይሻላል፣ ምክንያቱም የጽሑፌ ፍሬ ይህ ነው። ተለቅቆም የሚይዝ ጎማ ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ወይ ካሊፐሩ ራሱ በዝገት ተጣብቋል፤ ፒስተኑ ወይም መንሸራተቻው አልመለስ ብሏል። ወይ ግፊቱ ከላይ፣ ከዋናው ፖምፓ፣ አልተለቀቀም። ወይ ደግሞ በመካከል ያለው፣ ፈሳሹን ወደ ካሊፐሩ የሚያደርሰው የላስቲክ ቱቦ ውስጡ ተዘግቶ ፈሳሹን አልመልስ ብሏል። ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። አብዛኛው መካኒክ በቀጥታ ወደ ካሊፐሩ ሄዶ የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ይከፍታል። ግፊቱ ይወጣል፣ ጎማው ይለቀቃል፣ ማስረጃውም አብሮ ይፈስሳል። ያ ግፊት ከፖምፓው ይሁን ከቱቦው ከዚያ በኋላ የሚነግር የለም፤ እንደገና አስረግጦ ከመጀመሪያ መነሣት ያስፈልጋል።

ጋሼ የጀመሩት ከላይ ነው። የብረቱ ቧንቧ ከላስቲኩ ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን ዳዶ፣ ዙሪያውን በሚይዝ መፍቻ፣ በጥቂቱ አላሉት። አንድ ሁለት ጠብታ ወረደ። «አዙር» አሉኝ። ጎማው ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ የታፈነው ግፊት ከዚያ በላይ የለም፤ ፖምፓው ነጻ ወጣ። ዳዶውን መልሰው አጠበቁና ታች የካሊፐሩን ማስወጫ ከፈቱ። ፈሳሹ በኃይል ተፈናጥሮ እጄ ላይ አረፈ፤ ጎማውም ወዲያው ዞረ። ስለዚህ ካሊፐሩም አልተጣበቀም። ከላይ ሲከፈት ያልለቀቀ፣ ከታች ሲከፈት የለቀቀ ነገር ያለው በሁለቱ መካከል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ ከአንድ ክንድ የሚያንስ የላስቲክ ቱቦ ብቻ ነው። አንድም ዕቃ አልተቀየረም፤ ሁለት ቡሎን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ተከፈቱ፣ አለቀ።

ቱቦውን አውጥተን በምላጭ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቅነው። ውጩ ጥቁርና ሙሉ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ላየው ሰው ስንጥቅ የለውም። ውስጡን ስንከፍተው ግን ቀጭኑ የጎማ ሽፋን ከክሩ ተላቆ ተንጠልጥሏል። እግር ሲረገጥ ግፊቱ ብርቱ ስለሆነ ቅርፊቱን ገፍቶ ያልፋል፤ ነገር ግን ዘግይቶ። በዚያች ቅጽበት ቀኙ ቀድሞ ይይዛልና መኪናዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች። እግር ሲነሣ ደግሞ ፈሳሹን የሚመልሰው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው። ዲስክ ፍሬን ላይ ፒስተኑን የሚመልስ ስፕሪንግ የለም፤ የሚመልሰው በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ፣ ፈሳሹ እንዳያልፍ የሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት፣ ተለጥጦ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚፈጥረው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ያ ኃይል ቅርፊቱን አያነሣውም። ግራው እንደያዘ ይቀራል፣ ይግላል፣ መኪናዋንም ወደ ግራ ይጎትታል። የሚጋጩ የመሰሉት ሦስት ምልክቶች አንድ ሆኑ።

ቱቦ ከውስጥ የሚላቀቀው በዕድሜ ብቻ አይደለም። ሸራ ሲቀየር ካሊፐሩን አውጥቶ በቱቦው አንጠልጥሎ መተው በየጋራዡ የማየው ነገር ነው። ያን ሁሉ ክብደት ቱቦው ይሸከመዋል፣ ውስጡ ይቀደዳል፣ ውጩ አይናገርም። ካሊፐር በሽቦ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፤ ሽቦ የማይገኝበት ጋራዥ የለም። ሌላው ፈሳሽ እንዳይፈስስ ብሎ ቱቦውን በፒንሳ መቆንጠጥ ነው፤ ይህም እንዲሁ ይገድለዋል።

አዲስ ቱቦ እስኪመጣ ድረስ አንድ ሱቅ ለከባድ መኪና በሚሠራው የሃይድሮሊክ ቱቦ ቆርጦ ጫፉን ጨፍልቆ ሊሠራልኝ ፈቃደኛ ነበር። ግፊቱን ይችላል፤ በዚህ አልጠራጠርም። ነገር ግን ያ ጎማ የተሠራው ለማዕድን ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ከስሙ በቀር ዘይት አይደለም፤ በግላይኮል ላይ የተመሠረተ ፈሳሽ ነው፤ ለዘይት የተሠራን ጎማ ያብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። በተቃራኒውም እንደዚያው ነው። የፍሬን ማጠራቀሚያ ውስጥ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት የጨመረ ሰው በመኪናው ውስጥ ያለውን ጎሚኒ ሁሉ አበላሽቷል፤ ማጠብ ብቻ አይበቃም፣ ከፖምፓው እስከ ካሊፐሩ ጎሚኒ የሆነ ሁሉ መቀየር አለበት። ስለዚህ ጠበቅኩ። ሲመጣም የሁለቱንም ወገን ቀየርኩ፤ የቀኙ ከግራው እኩል ነው ያረጀው።

ቱቦው ከገባ በኋላ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆነ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ መስመሩ ሲከፈት አየር ይገባል፣ ፈሳሽ አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል። አየር የማውጣቱ ሥራ ከፖምፓው ከሚርቀው ጎማ ይጀምራል፦ ከኋላ ቀኝ፣ ከዚያ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ በመጨረሻ ፊት ግራ። ማጠራቀሚያው መጉደል የለበትም፤ ጫፉ በፍሬን ዘይት ውስጥ የተጠመቀ ግልጽ ቱቦ ማስወጫው ላይ ይደረጋል፤ ፔዳሉ በእርጋታ ይረገጣል፣ ማስወጫው ይዘጋል፣ ከዚያ ይለቀቃል። አሮጌ መኪና ላይ ግን ጋሼ የሚጨምሩት አንድ ነገር አለ። ከፔዳሉ ሥር ጣውላ ያስቀምጣሉ፣ እስከ ወለሉ እንዳይረገጥ። የፖምፓው ጎሚኒ ለዓመታት የሄደው በሲሊንደሩ የላይኛው ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ክፍል ዝገት ሊይዝ ይችላል። አየር ሲወጣ ፔዳሉ እስከ ታች ከተረገጠ ጎሚኒው በዚያ ዝገት ላይ ተጎትቶ ይቀደዳል። ጤነኛ ገብቶ አየር ከወጣለት በኋላ ፖምፓው ሞተ የሚባል መኪና ሁሉ ታሪኩ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ከኋላ የሚመጣው ፈሳሽ በጣም ትንሽ ነበር። ረዳቱ ልጅ «የኋላው መስመር ተዘግቷል» አለ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና የኋላውን ክሪክ አውርዱ አሉ። በዚች መኪና ላይ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የግፊት መቆጣጠሪያ አለ። ፍሬን ሲረገጥ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል፣ ወደ ላይም ይነሣል። ያን ጊዜ መቆጣጠሪያው ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል፤ የኋላ ጎማዎቹ ተቆልፈው መኪናዋ እንዳትሽከረከር። አካሏን በክሪክ አንሥታችሁ አክስሉ ከተንጠለጠለ መቆጣጠሪያው የሚያየው ኋላዋ ባዶ መሆኑን ነው፤ መንገዱን ይዘጋል። ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ ፈሳሹ መጣ፣ አረፋውም አብሮ ወጣ፣ ፔዳሉ ጠነከረ።

ስለ ጽዳት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የእኛ ጋራዥ ሁሉንም ነገር በቤንዚን ያጥባል። ለብረቱ ደግ ነው። ጎሚኒውን ግን ቤንዚን ያብጠዋል፤ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ፒስተኑን አንቆ ይይዛል፣ ያ ያልነው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ መመለስ ይጠፋል፤ ከሳምንታት በኋላ ጎማው መያዝ ሲጀምር ማንም ቤንዚኑን አያስታውስም። የፍሬን ውስጠኛ ክፍል የሚታጠበው በንጹሕ የፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ነው። ሁለተኛውና የሚያስጨንቀኝ አቧራው ነው። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት። በኮምፕሬሰር አየር ሲነፋ የሚነሣውን ግራጫ አቧራ የሚተነፍሱት ብዙውን ጊዜ ጎንበስ ብለው የሚሠሩት ረዳቶች፣ ገና ሙያ የሚለምዱ ልጆች ናቸው። ውሃ አርከፍክፎ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ምንም ወጪ የለውም። ይህን በሄድኩበት ጋራዥ ሁሉ እናገራለሁ፤ መናገሬንም አልተውም።

ቀሪዎቹን ምልክቶች ባጭሩ ላንሣ። ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከወረደና ውጭ የሚፈስስ ነገር ከሌለ፣ ያን ጊዜ በእውነት ፖምፓው ነው፤ ውስጡ ያለው ጎሚኒ አልፎታል። የመጀመሪያው እርግጫ ጥልቅ ሆኖ ሁለተኛው ከፍ ካለ የጎማውን ኩሽኔታ ወዝውዙት፤ የላላ ኩሽኔታ ዲስኩን እያወዛወዘ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል። የፍሬን ዘይት እየጎደለ የትም ፍሳሽ ካልታየ ጭስ ማውጫውን ተመልከቱ፤ በፖምፓው ጀርባ አልፎ የእግርን ጉልበት ወደሚያግዘው ሰርቮ ገብቶ በሞተሩ እየተቃጠለ ነጭ ጭስ ሊሆን ይችላል። መሪ ላይ የሚሰማ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ሁሉም «ዲስኩ ጠምሟል» ይላል። ዲስኩን ከማስላጣችሁ በፊት አውጥታችሁ የሚያርፍበትን ፊት ከዝገት አጽዱት፤ እዚያ የተቀመጠች ጥቂት ዝገት ዳር ላይ ስትደርስ ዲስኩን ታወዛውዘዋለች። የዲስኩ ዳር እንደ ምጣድ ከንፈር ከፍ ብሎ ከቆመ ግን መሀሉ አልቋል ማለት ነውና ውፍረቱ በመለኪያ ይታይ።

አንድ የጎንደር ጉዳይም አለ። «ፍሬኑ ይከብዳል፣ ሰርቮው ሞቷል» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ሰርቮ የሚሠራው በሞተሩ መሳብና በውጩ አየር ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 77 በመቶ ገደማ ነው። ደባርቅ ሲደርሱ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ሰው እዚህ ፔዳሉ ቢከብደው አያስደንቅም፤ ሰርቮው የሚገፋበት አየር ራሱ ሳስቷል። መሞቱን የሚለይ ፈተና ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉ እስኪደርቅ ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ረግጣችሁ እንደያዛችሁ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ጥቂት ዝቅ ካለ ሰርቮው በሕይወት አለ። ዝቅ ካላለ የመሳቢያውን ቱቦና የአንድ አቅጣጫ ቫልቩን እዩ። ፍሬን ሲረገጥ ሞተሩ ከተንገጫገጨ ደግሞ የሰርቮው ሽፋን ተቀዷል። እዚህ ከፍታ ላይ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር ነዳጅ ያበዛል፤ ሞተሩ በደንብ አይስብም፣ ሰርቮውም ድርሻውን አያገኝም። የእኔዋ ፔዳል የቀለለው ካርቡራተሩ ሲስተካከል ነው፤ ሰርቮውን ማንም አልነካውም።

አሁን የማስበው ስለ ሊማሊሞ ነው። አጎቴ የወጣውን መንገድ መውረድ እፈልጋለሁ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆረጠው ያ ጠመዝማዛ ከደባርቅ ማዶ ገደሉን ይዞ ይወርዳል፤ ፍሬን ማለት ምን እንደሆነ የሚያሳይ መንገድ ነው። ከሰውና ከዕቃ ጋር አንድ ቶን የሚሆን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 30 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ነው። ያን ሁሉ ሙቀት ለአራት ዲስኮች መስጠት አይገባም፤ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲሸከም ማድረግ ነው። ሸራው ሲግል ሙቀቱ በፒስተኑ አልፎ ወደ ፈሳሹ ይደርሳል። አዲስ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲጠጣ ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል፤ ዶት 3 ከሆነ 205 የነበረው ወደ 140። ዘይቱም እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ የጎንደርን ክረምት ቆሞ ያሳለፈ መኪና ውስጥ ያለ ዘይት ሳይሄድም ያረጃል። ከፈላ በኋላ የሚፈጠረው እንፋሎት እንደ አየር ይታመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሁሉም ነገር ደኅና መስሎ ይገኛል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ፣ ክረምት ሲወጣ፣ ጥቁሩ አልቆ ጠራ ያለው እስኪወርድ አስቀይራለሁ። ዶት 3 እና ዶት 4 ቢደባለቁ ችግር የለውም፤ ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ግን ከሁለቱም ጋር አይገጥምም።

ዘይቱ አዲስ ነው፣ የፊት ቱቦዎቹ አዲስ ናቸው፣ ወደ አዘዞ ስወርድ መሪውን ለቀቅ አድርጌ ስረግጥ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የቀረው የኋላው ቀኝ ካሊፐር ነው። የእጅ ፍሬኑ አብሮት ስለተሠራ ፒስተኑ ተገፍቶ አይገባም፤ እየተጠመዘዘ ነው የሚገባው፤ ይህን የማያውቅ በክላምፕ ጨቁኖ ይሰብረዋል። የእጅ ፍሬኑን ስለቅቅ ክንዱ አሁንም ዘግይቶ ይመለሳል፤ የአቧራ መከላከያው ተቀዶ ውስጡ እርጥበት ገብቷል ብለን ጠርጥረናል። ጎሚኒውና መከላከያው ታዝዘዋል። እነሱ ደርሰው ጋሼ ክንዱን ፈትተው እስኪያዩት ድረስ ከደባርቅ አላልፍም።